ስለ መርከብ ሽርሽር ዋጋና ስለ አሳላፊ ጉርሻ



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት አስተዳደርና ስለ ወጪ አያያዝ የሚጠቅመውን ምክር ከሳምንት ሳምንት ስንጽፍ ቆይተናል። ባለፈው ሰሞን በመንግሥት ሥራ ረዥም ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡ አንድ የተከበሩ ሰው ደብዳቤ ደረሰኝ። ልጆቻቸው በአሜሪካ አገር ይኖራሉ። አባትና እናታቸውንም አስመጥተው በትልቅ መርከብ ሰባት ቀን በባሕር ላይ ሊያዝናኑአቸው አስበዋል። ዋጋው ለአንድ ሰው ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ መሆኑን፣ ምግቡም መኝታውም በዚሁ ውስጥ መሆኑን ጽፈውላቸዋል። እርሳቸው ግን «ልጆቼን በማላውቀው ዕዳ እንዳላገባቸው እፈራለሁ። ይህ የተባለው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ነውን? ደግሞስ ለመርከቡ ሠራተኞች ይሰጣል የሚባለው ጉርሻ በፈቃድ ነው ወይስ በግዴታ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ጥያቄው እርሳቸውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ ልጁ ባሕር ማዶ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና፣ መልሱን በዚህ ገጽ ልጽፈው ወደድሁ። እኔ ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለሆነ በባሕር ነገር የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በ2023 በኖቬምበር ወር መጀመሪያ፣ በሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ እናታችንንና እኔን ጋብዞ፣ ከባለቤቱ ጋር አራት ሆነን ከማያሚ ወደብ ተነሥተን ሰባት ቀን በካሪቢያን ባሕር ተጉዘናል። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትንና በመጽሐፍ ያነበብሁትን አስተባብሬ እመልሳለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

መርከብ በጥንት ዘመን ሰውንና ዕቃን ካንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ለማድረስ ይሄድ ነበረ እንጂ፣ ለመዝናናት ብቻ ዞሮ ወደ ተነሣበት ወደብ የሚመለስ መርከብ እምብዛም አይታወቅም ነበር። በጀርመን አገር የሐምቡርግና የአሜሪካ መርከብ ኩባንያን ያስተዳድር የነበረው አልበርት ባሊን፣ በክረምት ወራት አትላንቲክ በማዕበል ሲታወክ መንገደኛ እየጠፋ ትልልቆቹ መርከቦች ሥራ መፍታታቸውን አየ። በጃንዋሪ 1891 አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ ለሽርሽር የሚሹ ሰዎችን አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ላካት። የዚህ ሥራ መነሻ ይህ ነው። የቆመ መርከብ ገንዘብ ይበላል፤ ስለዚህ ባዶውን ከሚቆም በማንኛውም ዋጋ ሰው ጭኖ ቢሄድ ይሻለዋል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ የዛሬውም ዋጋ ሚስጢር ከዚሁ የወጣ ነው።

በ1958 በጄት አውሮፕላን አትላንቲክን መሻገር ስለ ተጀመረ፣ መንገደኛ ያመላልሱ የነበሩት መርከቦች ገበያቸውን እያጡ ሄዱ። በዚያን ዘመን በ1966፣ በ1968ና በ1972 ዛሬ ስማቸው የታወቀው ኖርዌጂያን፣ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል የተባሉት ኩባንያዎች ተራ በተራ ተመሠረቱ። ማያሚም የሽርሽር መርከብ ዋና ወደብ ሆነች። ይህንም ጉዞ ክሩዝ ይሉታል። በ2023 በዓለም ሁሉ 31.7 ሚሊዮን ሰው በክሩዝ መርከብ ተሳፍሯል። በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረችው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ 365 ሜትር ርዝመት አላት፤ እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ያህል ሠራተኛ ትይዛለች። ይህ እንግዲህ በውሃ ላይ የሚሄድ ከተማ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ። መርከቡ ከወደብ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረውን አልጋ የሚገዛ ሰው ከባሕር መካከል አይገኝም። ነዳጁም፣ የካፒቴኑም ደመወዝ፣ የወጥ ቤቱም ወጪ ክፍሉ ቢሞላም ባይሞላም አይቀርም። ስለዚህ ኩባንያው የክፍሉን ዋጋ እንደ እህል ገበያ ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቀኑ ሲቀርብና ክፍሉ ሳይሸጥ ሲቀር በርካሽ ይሰጠዋል። የቀረውን ትርፍ ሰውየው ከገባ በኋላ ከመጠጡ፣ ከሽርሽሩ፣ ከቁማሩና ከሌላውም ያገኘዋል። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ በ2023 ካገኘው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ፣ 7.5 ቢሊዮን ያህሉ ከቲኬት ሳይሆን በመርከብ ላይ ከሚወጣው ወጪና ይህን ከመሰለው የመጣ ነው። ይህም ከሲሶ ይበልጣል። እንግዲህ የቲኬቱ ዋጋ የደጁ ዋጋ ነው፤ የቤቱ ዋጋ ከገቡ በኋላ ይታወቃል።

በቲኬቱ ውስጥ ያለው መኝታው፣ በትልቁ አዳራሽና ራስ በራስ በሚነሣበት ገበታ የሚበላው ምግብ፣ ቴአትሩና መዋኛው ነው። ብዙ ጊዜ በቲኬቱ ውስጥ የሌለው ደግሞ የአልኮልና የለስላሳ መጠጥ፣ ልዩ ምግብ ቤት፣ ኢንተርኔት፣ ልብስ አጠባ፣ የመርከቡ ሐኪም፣ ፎቶግራፍ፣ በየወደቡ ወርዶ መጎብኘትና ጉርሻ ነው። ዋጋውም የሚነገረው አንድን ክፍል ሁለት ሰው ይይዘዋል ተብሎ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል።

የእኛን ሒሳብ ከመዝገቤ እንዳለ እጽፈዋለሁ። በማስታወቂያው የተነገረው ለአንድ ሰው 650 ዶላር ነበረ፤ ለአራት 2,600 ይሆናል። የወደብ ግብርና ቀረጥ ለአንድ ሰው 140፣ ለአራት 560። ጉርሻ ለአንድ ሰው በቀን 18፣ ለአራት ሰው ለሰባት ቀን 504። ለአንድ ስልክ ኢንተርኔት በቀን 20፣ ለሰባት ቀን 140። በሁለት ወደብ ወርዶ ለመጎብኘት ለአንድ ሰው በየጊዜው 60፣ ለአራት 480። ወንድሜና ባለቤቱ የጠጡት መጠጥ 150፣ በላዩም ከመቶ 18 የአሳላፊ ተጨምሮበት 177። እናታችን በመሰላሉ ላይ ሳታውቅ የተነሣችው ፎቶግራፍ 29። ድምሩ 4,490 ዶላር ሆነ። ይኸውም በማስታወቂያው ከተነገረው በ1,890 ዶላር ይበልጣል። እስከ ማያሚ የሄድንበት አውሮፕላንና ከመሳፈራችን በፊት ያደርንበት ሆቴል በዚህ ውስጥ የለም።

ከዚህ ሁሉ ማናቸውንም በስውር የወሰዱብን ነገር የለም፤ ሁሉም ተጽፏል። ነገር ግን የተጻፈው በልዩ ልዩ ስፍራና በደቃቅ ፊደል ነው። በመርከቡም ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፤ የክፍሉን በር የሚከፍተው ካርድ መጠጡንም ይገዛል። እጅ ብር ሲቆጥር ልብ ያስባል፤ ካርድ ሲነካ ግን ልብ አያስብም።

ከእኛ ጉዞ በኋላ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል። የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ገዢው ሊያመልጥ የማይችለው ክፍያ ሁሉ በመጀመሪያ በሚነገረው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ የሚያዝ ሕግ አውጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አጽንቶታል። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎችም ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የወደቡን ግብርና ቀረጥ ከዋጋው ጋር አብረው ይናገራሉ። ጉርሻው ግን መንገደኛው ሊያስቀንሰው ይችላል ስለሚባል፣ እንደ ግዴታ አልተቆጠረም፤ ስለዚህም ከተነገረው ዋጋ ውጭ ቀርቷል።

ሥራዬ ነውና ስለ ውሉም አንድ ቃል ልጨምር። ቲኬት የገዛ ሰው ሳያነብበው ረዥም ውል ተዋውሏል። በአሜሪካ በምዕራብ በኩል ባለችው በዋሽንግተን ግዛት የምትኖር አንዲት ሴት በካርኒቫል መርከብ ላይ አዳልጧት ወድቃ ተጐዳችና በአገሯ ፍርድ ቤት ከሰሰች። በቲኬቷ ላይ ግን ክርክር ሁሉ በፍሎሪዳ ይታያል የሚል ቃል ነበረ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1991 ቃሉ ይጸናል ተብሎ ተፈረደ። እንግዲህ ያልተነበበ ውልም ያስራል።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ፤ የደብዳቤው ዋና ጥያቄ ይኸው ነውና።

በእኛ ቋንቋ ጉርሻ ማለት በማዕድ ላይ ሰው የሚወደውን ወይም የሚያከብረውን ሰው በእጁ የሚያጐርሰው ነው። ማንም ቆጥሮ አይሰጠውም፤ ማንም ለምን ቀረብኝ ብሎ አይከስስበትም። መማለጃ ሌላ ነው፤ ፍርድን ለማጣመም የሚሰጥ ነውና የተከለከለ ነው። ደመወዝም ሌላ ነው፤ ሰው በድካሙ ያገኘው መብቱ ነውና የከለከለው ዕዳ አለበት። እነዚህ ሦስቱ ስማቸው ሲደባለቅ ሥራቸውም ይደባለቃል።

በአሜሪካ አገር ይህ መደባለቅ የቆየ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ ፑልማን የተባለው ኩባንያ በምድር ባቡር የመኝታ ፉርጎ ውስጥ ጥቁር ሠራተኞችን ቀጥሮ ጥቂት ደመወዝ ብቻ ይሰጣቸው ነበርና፣ ኑሮአቸው በመንገደኛው ጉርሻ የተመሠረተ ሆነ። እነርሱም በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቁመው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር ውል ተዋዋሉ። የዋሽንግተን ግዛት ጉርሻን በ1909 በሕግ ከልክሎ ነበር፤ ሌሎች አምስት ግዛቶችም ተከትለውት ነበር። ግን እስከ 1926 ድረስ ሕጎቹ ሁሉ ተሽረው ልማዱ ጸና። የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ሕግም ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ቢከፍል ይበቃዋል ይላል፤ ይህም ልክ ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። የቀረውን እንግዳው ይሙላ ማለት ነው።

የሽርሽር መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የማልታን ባንዲራ ስለሚያውለበልቡ የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ አይደርስባቸውም። ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ከፊሊፒን፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ይህን ከመሳሰለ አገር የመጡ ናቸው። በኦገስት 2013 የጸናው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ውል በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ በሳምንትም 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ያዛል። ከዚህ የቀረውን ሰዓት አንባቢ ራሱ ቢያሰላው፣ የሥራው ቀን ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ያገኘዋል።

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ በመጨረሻው ሌሊት ጉርሻውን በፖስታ አድርጎ ለአሳላፊውና ለክፍሉ አሰናጅ በእጁ ይሰጥ ነበር። በኋላ ግን ሰው በፈለገው ሰዓትና ስፍራ ይብላ የሚል ሥርዓት መጣ፤ ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ በ2000 እንደ ጀመረው ያለ ነው። መንገደኛው ከአንድ አሳላፊ ጋር መሰንበቱ ስለ ቀረ፣ ኩባንያዎቹ ጉርሻውን በየቀኑ በሒሳብ ላይ ይጽፉት ጀመር። በእነዚህ ዓመታት በታላላቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል ነው። ገንዘቡም ለክፍሉ አሰናጅ፣ ለአሳላፊዎችና እንግዳ ለማያያቸው ለሌሎችም ሠራተኞች ይከፋፈላል።

በእኛ ላይ የደረሰውን አሁን ልናገር።

ክፍላችንን የሚያሰናዳው ልጅ የፊሊፒን ሰው ነበረ። በሁለተኛው ቀን እናታችን በእኔ አስተርጓሚነት ስለ ቤተ ሰቡ ጠየቀችው። የዘጠኝ ወር ውል እንደ ገባ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ እንዳለችው፣ በስልክ ብቻ እንደሚያያት ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ትለው ጀመር፤ ከአገር የያዘችውንም ዳቦ ቆሎ አዘግና ሰጠችው። እርሱም ማታ ማታ ከፎጣ ዝሆንና ጦጣ እየሠራ በአልጋዋ ላይ ያስቀምጥላት ነበር። እናታችን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ፎጣውን ላለመፍታት ብላ እጇን በሻሽዋ ጫፍ ታደርቅ እንደ ነበረ በኋላ አወቅሁ።

ረቡዕ ዕለት ጃማይካ ደረስን። ፋልመዝ ከተባለው ወደብ ከሌሎች መንገደኞች ጋር በመኪና ይዞን የዞረው ሾፌር፣ ጠጉሩን ያጐነጐነ አረጋዊ ነበረ። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን በሰማ ጊዜ መኪናውን አቁሞ ቆቡን አወለቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ጃማይካ በገቡ ጊዜ አባቱ በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ እንደ ነበረ ነገረን። በስንብት ጊዜ ወንድሜ ሃያ ዶላር ለእናታችን ሰጥቷት እርስዋ ብትዘረጋለት፣ ሾፌሩ ገንዘቡን በእጅዋ ላይ መልሶ አጥፎ «ከእርስዎ የምሻው ምርቃት ብቻ ነው» አለ። እናታችንም መረቀችው።

ወንድሜ ይህን አይቶ እጅግ ተነካ። ማታ ግን ሒሳባችንን ቢመለከት የአራታችን ጉርሻ በየቀኑ ሲጨመር አገኘው። «ጋሼ፣ እውነተኛው ጉርሻ ዛሬ ያየነው ነው። እነዚህ ጉርሻው በፈቃድ ነው ካሉ ፈቃዴን ሳይጠይቁ ለምን ጻፉብኝ? ግዴታ ነው ካሉስ ለምን ከዋጋው ጋር አልነገሩኝም? እርስዎ የፍርድ ቤት ሰው ነዎት፤ ይፍረዱ» አለኝ። ውሉን አውጥቼ አነበብሁ። መንገደኛው ክፍያውን ማስቀነስ ወይም ማስቀረት ይችላል የሚል ቃል አገኘሁና «እንደ ውሉ ትችላለህ» አልሁት። ሐሙስ ጠዋት ወደ መንገደኞች ጉዳይ ጠረጴዛ ወርዶ አስፋቀው። የጠረጴዛው ሠራተኛ አንድም ክፉ ቃል ሳትናገር ፋቀችው።

ዓርብ ማታ ለራት ተቀመጥን። ረቡዕ ለእናታችን ቅቤና ሥጋ የሌለበት ምግብ እንዲመጣላት አሳላፊውን ለምኜው ነበር። ዓርብ ግን እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ምስርና አትክልት በዘይት አሠርቶ በፊቷ አኖረላት። ቀኑን ቆጥሮ አስታውሶ ነበር። እናታችን አሳላፊውን አየችው፤ ወደ ወንድሜም ዘወር ብላ «ለዚህ ልጅ ምን ሰጣችሁት?» አለች።

ወንድሜ ዝም አለ፤ እኔም ወደ ሳህኔ አየሁ። እርስዋ ግን ጠይቃ የማትተው ሴት ናትና፣ ነገሩን ሁሉ ነገርናት። ወንድሜ ክርክሩን ለእኔ እንደ ነገረኝ አድርጎ ነገራት፤ «ደመወዙን ኩባንያው ይክፈለው እንጂ የእኔ ዕዳ አይደለም» ብሎም ጨመረ። እርስዋም ጥቂት አስባ እንዲህ አለችው፦

«ያልኸው እውነት ይሆናል። ነገር ግን ትናንት ያስፋቅኸው ገንዘብ ከማን ኪስ ወጣ? ከጌታው ኪስ ነው ወይስ ከዚህ ልጅ? አንተ ዋሽንግተን የሰው መኪና ስታቆም በነበረበት ዘመን፣ ሌሊት ደውለህ ዛሬ ጉርሻ አልተገኘም፣ የቤት ኪራይ ጎደለኝ ስትለኝ፣ ያልሰጡህ ሰዎች ሁሉ ክርክራቸው እንደ አንተ ያማረ ሳይሆን አይቀርም። ልጄ፣ ከጌታው ጋር ያለህን ሙግት በአሽከሩ እራት ላይ አትጨርስ።»

ወደ እኔም ዘወር ብላ «አንተስ ጸሐፊው? ውሉ ያልከለከለው ሁሉ ደግ ነው ብለህ ነውን የመከርኸው?» አለችኝ። ሃያ ዓመት በችሎት ስቀመጥ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም። የምመልሰውም አልነበረኝም።

ወንድሜ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ወረደ፤ 504 ዶላሩ እንደ ገና እንዲጻፍ አደረገ። ቅዳሜ ማታም ከዚያ በላይ ለክፍሉ አሰናጅና ለአሳላፊው በፖስታ አድርጎ ጥቂት ጥቂት ሰጣቸው፤ ይህኛው በፈቃዱ የሰጠው ነበረ። ክርክሩን ግን አልተወውም፤ እናታችንም ተወው አላለችውም። ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ እኔና እርሱ ተቀምጠን ለኩባንያው ረዥም ደብዳቤ ጻፍን። ደመወዝን ጉርሻ ብሎ መጥራት እንደማይገባ፣ የሚፈለገው ገንዘብ ሁሉ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ገብቶ በግልጥ እንዲነገር አመለከትን። እስከ ዛሬ የደረሰን መልስ ስለ ጻፋችሁልን እናመሰግናለን የሚል ብቻ ነው።

ለተከበሩት ጠያቂዬ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። የተባለው ዋጋ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያደርስ ዋጋ ነው። ጉርሻውም በውሉ ቃል በፈቃድ ነው፤ በሠራተኛው ኑሮ ግን ደመወዝ ነው። ስለዚህ እንደ ደመወዝ ቆጥረው አስቀድመው ከዋጋው ጋር ይደምሩት።

ለሌሎችም አንባቢዎች የሚጠቅመውን ባጭሩ ላመልክት።

አንደኛ፤ ከመስማማታችሁ በፊት የአንዱን ሰው የቀን ጉርሻ በቀኑና በሰው ቁጥር አባዝታችሁ፣ ግብሩንና የየወደቡን ጉብኝት ጨምራችሁ ድምሩን በወረቀት ጻፉት። ድምሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ የምታስቀሩት መጠጡንና ጉብኝቱን ነው፤ እርሱም ካልበቃ ጉዞውን ነው። የሠራተኛውን ድርሻ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፤ ለብቻ የሚጻፍ ጉርሻ የማይወድ ሰው፣ ሁሉን በአንድ ዋጋ የሚናገር ኩባንያ ይምረጥ። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ በ2019 የቀን አገልግሎት ክፍያውን አስቀርቶ በቲኬቱ ውስጥ አግብቶታል። ሪጀንት፣ ሲቦርንና ሲልቨርሲ የተባሉትም ጉርሻን በዋጋቸው ውስጥ ያስገባሉ። የእነዚህ የሦስቱ ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከገቡ በኋላ የአሳላፊው ደመወዝ አያከራክርም።

ሦስተኛ፤ ሽማግሌና አሮጊት የሚጓዙ እንደ ሆነ፣ የመርከቡ ሐኪም በክፍያ ነውና የጉዞ ሕክምና ዋስትና አስቀድሞ ይገዛ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገዋል። የሚጾምም ሰው በመጀመሪያው ቀን ለአሳላፊዎች አለቃ ይንገር።

አራተኛ፤ ሒሳባችሁን በመጨረሻው ጠዋት ሳይሆን ማታ ማታ ተመልከቱ።

አምስተኛ፤ ይህ ለልጆች ነው። ወላጆቻችሁን ስትጋብዙ እንዳይጨነቁ ብላችሁ ትንሹን ዋጋ ብቻ አትንገሩአቸው። በኋላ በገበታ ላይ ከሚሰሙት አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

እናታችን ወደ አገሯ ስትመለስ ከመርከቡ ይዛ የመጣችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የክፍሉ አሰናጅ በመጨረሻው ሌሊት ከወረቀት አጥፎ የሠራላት ትንሽ ዝሆን ነው፤ ፎጣው የመርከቡ ንብረት ስለሆነ ሊሰጣት አልቻለምና። በመስኮቷ ላይ አስቀምጣዋለች። እንግዳ ሲጠይቃት «የልጄ ሥራ ነው» ትላለች፤ ወንድሜም በስልክ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል።